ለሙሌ፣ ስለ ጉልበቴ

ይድረስ ለሙሌ፣

እንደምን ከርመሃል? መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ስድቡን ስንገናኝ አጠራቅመህ ታወርድብኛለህ፣ ለዛሬ ይለፈኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው። እናትህም ደህና ናቸው፣ ቀበሌ በር ላይ አግኝቻቸው "ያ ልጅ ከስቷል" ብለው አምተውሃል።

ያስጻፈኝ ጉልበቴ ነው። የቀኙ። ከፊት፣ ሎሚው ሥር። ዳገት ላይ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር፤ የባሰው ደረጃ መውረድና ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነው። ስቅለት ዕለት ጊዮርጊስ ሄጄ ጥቂት እንደሰገድኩ ግድግዳ ይዤ ቀረሁ። አጠገቤ አንዲት አሮጊት እየወደቁ እየተነሱ ቆዩና "አይዞህ ልጄ፣ በልብህም ቢሆን ይቀበልሃል" አሉኝ። እኔን! ከሳይክሌ ሳልወርድ የቤዛዊትን ዳገት የምወጣውን! አትሳቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጢስ ዓባይ ድረስ መንዳት እንደ ድሮው አይደለም፤ ከከተማ ርቆ መውጣት ያስፈራል። የቀረን ቤዛዊት ነው፣ መውጣት መውረድ፣ መውጣት መውረድ። የኔን ማርሽ ደግሞ ታውቀዋለህ፦ ፊት 42 ጥርስ፣ ኋላ ትልቁ 23። ሸክም ነው። ራጁ ንጹሕ ነው ተብዬ፣ ወጌሻ አሽቶኝ አብጦብኝ፣ የማስታገሻው ክኒን ጨጓራዬን አቃጥሎኝ፣ በመጨረሻ ፊዚዮቴራፒ የምትሠራ አንዲት ልጅ ዘንድ ደረስኩ። "ፔዳሉን በደቂቃ 80፣ 90 ጊዜ ማዞር ሲገባህ ከባድ ማርሽ ይዘህ ቀስ እያልክ ትገፋለህ፤ ጫናውን የሚበላው ሎሚህ ነው" አለችኝ። መቀመጫዬም ዝቅ ብሎ ኖሯል። ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አድርገህ ታች ስታወርደው እግርህ ቀጥ ማለት አለበት፤ የኔ ታጥፎ ይቀር ነበር። ከፍ ሳደርገው ደስ ብሎኝ አበዛሁት መሰለኝ፣ ሕመሙ ዞሮ ከጉልበቴ ጀርባ መጣ። አሁን በጣት በጣት ነው የማስተካክለው። ማታ ማታ ደግሞ በረንዳው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆሜ ሌላውን ቀስ ብዬ አወርዳለሁ፤ ለጭንና ለዳሌ ጡንቻ ነው። ቆጣሪዋ ትንሿ ልጄ ናት፣ ሆን ብላ ወደ ኋላ ትመልስብኛለች።

እየተሻለኝ ነው፣ እውነቴን ነው። ግን ላንተ ብቻ ልንገርህ፤ ባለቤቴ "ሽጠውና ተገላገል" ስትለኝ እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር። የሚያስፈራኝ ሕመሙ አይደለም። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የምሄድበት ቢጠፋ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደምሆን አላውቅም። ይኸው፣ አልኩት።

እና... እንዴት ብዬ ልጠይቅህ? ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ዕቃ ላክልኝ ማለት ያሳፍራል። አንተ ያለህበት ሆላንድ፣ ዩትሬክት፣ ድልድይ እንጂ ዳገት የለም፣ ስለዚህ የኔ ጣጣ አያገኝህም። የኋላ ማርሽ ነው፤ ባለ 7፣ የሚጠመዘዘው ዓይነት፣ ትልቁ 28 ጥርስ፣ ዳገቱን እንዲያቀልልኝ። ከዚያ በላይ እንዳታመጣ፣ የኔው ማርሽ መቀየሪያ አይችለውም። እዚህ ያየኋቸው ሁሉ የኔን ጎማ አይገጥሙም። ለገና የሚመጣ ሰው ካለ በእጁ፤ ገንዘቡን ለእናትህ እሰጣለሁ፣ እምቢ እንዳትለኝ።

ካቴናም ብትጨምርበት አልጠላም፤ አሮጌው ለትልቁ ጥርስ ያጥራል።

ያንተው፣
ጌች