ሳሪው ዚፕ ቢኖረው ምን አለበት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ህንድ የሠርግ ልብሶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ጸሐፊው በኮምፒውተር ተነድፎ፣ አስቀድሞ ተሰፍቶ፣ በዚፕ የሚዘጋ ሳሪ ባህሉን ያጠፋል ባይ ናቸው። እኔ ዴልሂ የልብስ ቅድ ተምሬ እዚያው ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በዚህ አልስማማም። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ስለ ባህሉ። ሳሪ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሜትር ተኩል አካባቢ የሆነ፣ ሰውነት ላይ የሚጠቀለል ያልተሰፋ ጨርቅ ነው። ግን በምሥራቁ ክፍል፣ ቤንጋል ውስጥ ከሥሩ ብላውዝና ጉርድ መልበስ የተለመደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ያስለመደችውም የባለቅኔው የራቢንድራናት ታጎር የወንድሙ ሚስት ጅናናዳናንዲኒ ዴቪ ናት፤ ቦምቤይ (የዛሬዋ ሙምባይ) ሄዳ የፓርሲ፣ ማለትም ከፋርስ የመጣው ማኅበረሰብ፣ ሴቶችን አለባበስ አየችና ለራሷ እንዲመች አድርጋ አሻሻለችው። ከቤት ወጥታ ሰው ፊት የምትቆምበት ልብስ አጥታ ነው እኮ! ያኔም ጥያቄው የምቾት ነበር።

ኮምፒውተሩም ቢሆን ከሰማይ ዱብ አላለም። በሐር ሽመናዋ በታወቀችው የህንድ ከተማ ቫራናሲ ውስጥ የሐር ጥለት በካሬ ወረቀት ይሳልና ካርቶን ላይ በቀዳዳ ተበስቶ ጃካርድ ወደሚባለው የሽመና መሣሪያ ይገባ ነበር፤ መሣሪያው ጥለቱን የሚያወጣው ከቀዳዳዎቹ ነው። አሁን ሥዕሉን ብዙዎች በኮምፒውተር ይሠሩታል።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። የጓደኛዬ እህት ስታገባ ለሳንጊት፣ ማለትም ለዘፈንና ለጭፈራው ምሽት፣ «ለሄንጋ» የሚባለውን ረጅም ሰፊ ጉርድ ቀሚስ አዘዘች። ሱቁ በስክሪን ያሳያት ቀሚስ በኮምፒውተር የተሠራችው ሞዴል ስትዞር እንደ ላባ ይንሳፈፋል። 60 ሺህ ሩፒ ከፈለች። ልብሱ ሲመጣ ሚዛን ላይ ብናወጣው 9 ኪሎ! ገና በሁለተኛው ዘፈን ወገቡ መንሸራተት ጀመረ፣ ሙሽሪት በአንድ እጇ ቀሚሷን ይዛ በሌላው ጨፈረች።

ልብሱ የተነደፈበት የኮምፒውተር ፕሮግራም ጨርቁ እንዴት እንደሚወርድ የሚያሰላው ከሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ክብደቱ ስንት ነው፣ ሲታጠፍ ይደርቃል ወይስ ይለሰልሳል፣ ምን ያህል ይለጠጣል። ነዳፊው እንደሚመስለኝ ከዝርዝሩ «ሐር» የሚለውን መርጦ አለፈ። ቀሚሱ ላይ ያለው ዘርዶዚ ግን የብረት ክር ጥልፍ ነው፤ ሐሩን ያደርቀዋል፣ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ገበሩ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ጥልፉን በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ሞክሮ፣ መዝኖ ቁጥሩን ቢያስገባ ኖሮ ስክሪኑ ራሱ ያስጠነቅቀው ነበር። ከዚያ ጥልፉን ወደ ወገብና ወደ ጥለቱ ሰብስቦ ሌላውን በዲጂታል ኅትመት መሙላት ይቻላል፤ ከሩቅ የሚለየው ሰው ብዙ አይደለም። ሞዴሏንም እጇን አንስታ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ማየት ይቻላል። የህንድ ሙሽራ እንደ ሐውልት ቆማ አትውልም።

ሌላው ማርጂን፣ ማለትም ስፌቱ ውስጥ የሚተወው ትርፍ ጨርቅ፣ ነው። የሰፈር ልብስ ሰፊው፣ ዳርዚ የሚሉት፣ ብላውዝ ሲሰፋ በግራና በቀኝ ጎን ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። ሴትየዋ ከወፈረች ስፌቱን ይፈታል፣ አለቀ። እህት ከእህት ተዋውሳ ትለብሰዋለች። በስክሪን የሚሠሩ ብዙ ሰዎች ግን አንድ ሴንቲ ትተው ይቆርጡታል። ያቺው ሙሽራ ከሦስት ቀን ግብዣ በኋላ ብላውዙ አልዘጋ አላት፤ የሚፈታ ነገር ስላልነበረው ጀርባዋን በዱፓታ፣ በረጅሙ ሻርፕ፣ ሸፍነን ነው ያወጣናት።

ተሰፍቶ የሚመጣው ሳሪም እንዲሁ ነው። ሽንሽኑን ቆርጦ ከመስፋት አጣጥፎ በወገብ ማሰሪያው ላይ ብቻ መያዝ ይሻላል፤ የፈለገች ፈትታ እንደ ድሮው ትጠቀልለዋለች። ዚፑ ማንንም አይጎዳም።

ኪስም ይግባበት፣ እባካችሁ። ሙሽሪት ስልኳን የምታስቀምጥበት አጥታ ለኔ ሰጥታኝ ሌሊቱን ሙሉ የአክስቶቿን ጥሪ ስመልስ ነው ያደርኩት።

አንባቢያችሁ