«በልቻለሁ»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሰሞን ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ «ኢትዮጵያዊ እንግዳ መቀበልን ከማንም አይማርም» የሚል አንብቤ ጋዜጣውን አጥፌ አስቀመጥሁት። ጸሐፊውን ልሞግት አይደለም። በልጅነቴ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ የቆመን መንገደኛ አባቴ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግባ» ሲለው፣ እናቴም እግሩን ስታጥበው አይቻለሁ። መቀበሉን እንችልበት ይሆናል። እንግዳ መሆኑን ግን አንችልበትም፤ ሌላው ቢቀር እኔ አልቻልሁበትም።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ታናሽ ወንድሜን ለማሳከም ካይሮ ሄድሁ። እሱ ሆስፒታል ተኛ፤ እኔ ዓይን ሸምስ በሚባለው ሰፈር፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ነበር። እኔ ከነጉልበት ሕመሜ ደረጃውን ስወጣና ስወርድ፣ ከታች ያለው በረኛም ከንፈሩ ደርቆ በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለታችንም ጾመን እንውላለን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ፣ ረጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል። ማኢደተ ረሕማን፣ የአዛኙ አምላክ ማዕድ፣ ይሉታል። ማኢዳ ማለት የእኛው ማዕድ ነው፤ እንዲያውም ቃሉን ዐረቦች ከግእዝ ሳይወስዱት አልቀሩም የሚሉ ምሁራን አሉ። የታክሲ ሾፌሩም፣ መንገድ ጠራጊውም፣ ቤቱ ሳይደርስ አዛን የቀደመውም ሁሉ ይቀመጥበታል። ከየት መጣህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚል የለም። ከካርቱም ጦርነት ሸሽታ የመጣች አንዲት ሱዳናዊት ከልጇ ጋር በየዕለቱ ከዳር ትቀመጥ ነበር። አመስግና ትበላለች፤ ሲያበቃ ማንም ሳያዛት ሳህኑን ትሰበስባለች።

በረኛው በመጀመሪያው ቀን ገና ከሆስፒታል ስመለስ አይቶ ጠራኝ። «ኢትፈደሊ፣ ያ ሐጋ!» ነይ፣ ብዪ ማለቱ ነው። ሐጋ የሚሉት ወደ መካ ደርሳ የመጣችን ሴት ነው፤ ግብፆች ግን ዕድሜዋ ለገፋ ሁሉ ይሰጡታል። እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ሐጋ ተብዬ ቀረሁ። ሆዴን መታ መታ አድርጌ «በልቻለሁ» አልሁት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም። በማግስቱም ያንኑ አልሁት። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ጠረጴዛው እስኪነሣ ድረስ ዞር ብዬ ቆይቼ ገባሁ።

ምክንያት አላጣሁም። ጾም ነው፤ ሩዙ ላይ ሥጋ አለ። አገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ቡና ተጠራርቶ ይጠጣል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ ሥጋ ላይ ግን እየብቻው ነው፤ ይህን ያደግንበትን ነገር በአንድ ቀን አልጥለውም። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ተምርም፣ ዳቦም፣ ውኃም ነበረ። ውኃ ጾም አይሽርም። እውነቱን ልናገርና፣ ያስቸገረኝ ሌላ ነው፦ ሠላሳ ሁለት ዓመት ያስተማርሁ፣ ቤቴ ሰው ጠፍቶበት የማያውቅ ሴት፣ መንገድ ላይ ተቀምጬ የሰው እጅ ልመለከት? ለጾም ስል የተራብሁ መስሎኝ ነበር፤ ለኩራቴ ነው የተራብሁት። በዚያ ላይ በጾም ወር በቀን አንድ ጊዜ እዋሻለሁ።

አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ዘፍጥረት 18ን ገለጥሁ። ይህን ምዕራፍ ዕድሜዬን ሙሉ ያነበብሁት በአብርሃም በኩል ቆሜ ነው፦ ሲሮጥ፣ ሣራን እንጎቻ ጋግሪ ሲል፣ ጥጃውን ሲያሳርድ። በዚያች ሌሊት ግን ዓይኔ እንግዶቹ ላይ ዐረፈ። ውኃ ይምጣላችሁ፣ ከዛፉ ሥር ዕረፉ፣ ቁራሽ እንጀራ ላምጣ ሲላቸው «እንዳልህ አድርግ» አሉት። ምግብ የማያሻቸው እነርሱ «በልተናል» አላሉም። ቀረበላቸው፣ በሉ። ጌታም ቢሆን በሄደበት ሁሉ እንግዳ ነበር፤ ከሳምራዊቷ ሴት ውኃ የለመነው እርሱ ነው።

ስንክሳሩ ሰኔ 24 ቀን የሚያነሣው መነኩሴው ሙሴ ጸሊም የኖረው እዚያው ግብፅ፣ ዛሬ ዋዲ ናጥሩን በሚባለው በአስቄጥስ በረሃ ነው። ሳምንቱን እንዲጾሙ ታዝዞ ሳለ እንግዶች መጡበትና ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጎረቤቶቹ ጢሱን አይተው ከሰሱት (ጎረቤት በረሃም ቢወርድ ያው ጎረቤት ነው)። ቅዳሜ በጉባኤ መካከል ካህናቱ የመለሱለት ግን የሰውን ትእዛዝ ሽረህ የእግዚአብሔርን ጠበቅህ ብለው ነው። ጾም ሻሩ ማለቴ አይደለም፤ የንስሐ አባቴ ይህን ጋዜጣ ያነባሉ።

በሳምንቱ ግድም በሬ ተንኳኳ። የበረኛው ሚስት ናት፤ አራት ፎቅ በጾም አፏ ወጥታ፣ ክዳን ያላት ሰማያዊ የቆርቆሮ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ። «ሲያሚ፣ ሲያሚ» አለችኝ። አልገባኝም። መንገዱ ማዶ ያለው ኮፕት መድኃኒት ሻጭ በኋላ በእንግሊዝኛ እንዳስረዳኝ፣ የግብፅ ክርስቲያኖች የጾም ምግባቸውን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው። ይህቺ ሙስሊም ሴት እሱ ዘንድ ሄዳ «ሐበሻዋ የማትበላው ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃዋለች። ሳህኑ ውስጥ የምስር ሾርባ ነበር፤ በከሙን የተሠራ፣ ቅቤ የሌለው። እኔ ማዕዳቸውን ስሸሽ እሷ የእኔን ጾም ስታጠና ነበር።

ቆሜ ጠጣሁት። ከዚያ በኋላ እየወረድሁ ከሱዳናዊቷ አጠገብ መቀመጥ ጀመርሁ፤ ተምርና ዳቦ፣ አንዳንድ ቀንም ኩሸሪ የሚሉት የሩዝና የምስር ቅልቅል ይቀርብልኛል። በመጨረሻ እኔም ሳህን እሰበስባለሁ።

ከዚያ ሰፈር ጥቂት እልፍ ሲባል ማታሪያ ነው፤ እመቤታችን በስደቷ ከልጇ ጋር ያረፈችበት የሚባለው ዛፍ ያለው እዚያ ነው። በረመዳን በ15ኛው ቀን የማታሪያ ሰዎች ጎዳናውን ሙሉ ጠረጴዛ ዘርግተው የመጣውን ሁሉ ያበላሉ። እኛ በየዓመቱ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስደቷን እያሰብን በማኅሌት እናድራለን። ዛፉ ሥር ቆሜ ያን ጊዜ በር የከፈተላት ግብፃዊት ማን ትሆን ብዬ አሰብሁ። ስሟን የጻፈልን የለም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። በእኛም በእነሱም ዘንድ የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ይዤው የሄድሁትን የገብስ ቆሎ ሞልቼ ለበረኛው ሚስት ልሰጣት አሰብሁ። ወንድሜ የወጣው ሳይታሰብ ነው፤ በረራችን ሌሊት ሆነ፤ ሻንጣውን የሸከፈው እሱ ነበር። አገሬ ገብቼ ስፈታው ሰማያዊው ሳህን ከነክዳኑ ከነጠላዬ ሥር ወጣ። ይኸውና እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኔ ላይ ነው። ከአንባቢዎቻችሁ መካከል ወደ ካይሮ የሚሄድና ሁለት ኪሎ የማይከብደው ሰው ካለ ስልኬን ዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ትቻለሁ። ቆሎውን አዲስ እቆላለሁ። ሱፍ ይጨመርበት እንደሆነ አላውቅም፤ ጥርሷ ደህና ነው።

ጡረተኛዋ መምህርት
ከደብረ ብርሃን