ለሀብትሽ፣ ስለ ዞምቢውና ስለ ቡዳው ፊልምህ

ሀብትሽዬ የኔ ወንድም፣ እንዴት ነህ ግን? እትዬ አስካለስ ደህና ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው ወይስ አሁንም ደረጃው ላይ እያረፉ ነው ሚወጡት? ማን ጠፋ፣ ማን ሳይደውል ቀረ የሚለውን እንዝለለው፣ እሱን ከጀመርን እስከ ፋሲካ አንጨርስም፣ ሁለታችንም ጠፍተናል በቃ።

ቮይስህን ደጋግሜ ሰማሁት። የቡዳ ሆረር ልሰራ ነው፣ አንዲት ሸክላ ሰሪ ባልቴት አለች፣ የበላቻቸውን ሰዎች ከመቃብር እያወጣች ታሰራቸዋለች፣ መጨረሻ ላይ መንደሩ ነቅሎ ወጥቶ ጎጆዋን ያቃጥለዋል፣ ሀሳብ ስጠኝ አልክ። በጣም ደስ አለኝ፣ ከዛ ደሞ የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ለምን ቅር እንዳለኝ በቴክስት ሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ለዛ ነው ይሄን ሁሉ ምጽፍልህ፣ ቡና አስፈልተህ አንብበው።

አልነገርኩህም መሰለኝ፣ እዚ ፒትስበርግ ከስራ ጎን ለጎን ማታ ማታ ኮርስ ጀምሬያለሁ፣ ስለ ሆረር ፊልም፣ በተለይ ስለ ዞምቢ፣ ከሞት ተነስቶ ሚሄደው ሬሳ ማለት ነው። አዎ፣ ለዞምቢ ነው ዶላር ምከፍለው። አጎቴ ሲሰማ "ነርሲንግ ተማር አላልኩህም" ብሎ ኩርፊያው እስካሁን አልለቀቀውም። ግን እኮ እዚ ከተማ ዞምቢ እንደ ቅርስ ነው ሚታየው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 የወጣውን "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ" የቀረፀው ከፒትስበርግ ወጣ ብሎ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጽፍልህ)፣ የሰውዬውን ስክሪፕትና ወረቀት ደሞ የከተማው ዩኒቨርሲቲ በ2019 ተረክቦ ላይብረሪው ውስጥ አስቀምጦታል። በ1978 ያወጣው "ዶን ኦፍ ዘ ዴድ" የተቀረፀበት ሞንሮቪል ሞል እኔ ጫማ ምገዛበት ቦታ ነው በለው።

ፈረንጅ ደሞ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም አይደል፣ ካናዳ ያሉ የሂሳብ ሰዎች በ2009 ዞምቢ ቢነሳ ወረርሽኙ እንዴት ይስፋፋል ብለው ቁጭ ብለው በሂሳብ ቀመር ሰርተው አሳተሙት፣ ቶሎና በኃይል ካልተመታ አለቀልን ነው መልሱ። በ2011 ዳንኤል ድሬዝነር ሚባል የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ፕሮፌሰር ሙታን ቢነሱ መንግስታት ምን ያደርጋሉ ብሎ መፅሀፍ ፃፈ፣ በዛው ዓመት ሲዲሲ ራሱ፣ የአሜሪካ በሽታ ተቆጣጣሪው ማለት ነው፣ ለዞምቢ ተዘጋጁ የሚል ምክር አወጣ፣ ውሃና ምግብ አስቀምጡ ለማለት ነው፣ ለጎርፍም ለመሬት መንቀጥቀጥም ያው ነውና። እነዚህ ለጨዋታ ጥሩ ናቸው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፣ ዞምቢ መጀመሪያ የማን ፍርሃት ነበር የሚለው።

ፊልም ላይ ምታየው ዞምቢ ይነክሳል፣ አንተ ምትፈራው እሱን ነው። ዞምቢ የመጣው ከሃይቲ ነው፣ ካሪቢያን ያለችው አገር፣ የሃይቲ ሰው ግን ዞምቢን ብዙም አይፈራም፣ ሚፈራው ዞምቢ መሆንን ነው። ቦኮር ሚሉት መተተኛ ከመቃብር አውጥቶህ እርሻ ላይ ያሰራሃል፣ ስም የለህ፣ ድምፅ የለህ፣ ፈቃድ የለህ፣ በቃ ትሰራለህ። ይሄ ከየት መጣ ብትል አገሩ በፈረንሳይ ጊዜ ሳን ዶሚንግ ተብሎ በሸንኮራ የሚታወቅ ቅኝ ግዛት ነበር፣ ባሪያው ከአፍሪካ በመርከብ ይመጣል፣ እርሻው ላይ ያልቃል፣ ሌላ ይመጣል፣ እና ለዛ ሰው አንድ የቀረው ተስፋ ሲሞት ነፍሱ ተመልሳ ጊኔ መግባቷ ነበር፣ ጊኔ ማለት ያው አፍሪካ ነው። ዞምቢ ማለት እንግዲህ ያቺም በር ተዘጋች ማለት ነው፣ ሞተህም አልተገላገልክም፣ ጌታው መቃብር ድረስ መጥቶ ይወስድሃል። እነሱ በ1791 ተነሱ፣ በ1804 ነፃ ወጡ፣ ፍርሃቱ ግን ቀረ፣ ይቀራል እንጂ ደሞ፣ በ1915 የአሜሪካ ወታደር ገብቶ እስከ 1934 አልወጣም፣ ገበሬውን በግድ እየሰበሰበ መንገድ ያሰራው ነበር።

በዚህ መሀል ነው ዊልያም ሲብሩክ ሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሃይቲ ሄዶ በ1929 ያሳተመው መፅሀፍ ዞምቢን ለፈረንጅ ያስተዋወቀው። ሰውዬው ማጋነን ይወዳል፣ እኔ ብዙም አላምነውም፣ ግን አንዷ ታሪክ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። በ1918 ነው፣ የሃይቲና የአሜሪካ ስኳር ኩባንያ ሰራተኛ ይቀጥራል፣ ቲ ዮሴፍ ሚባል ሰው የተቀዳደደ ልብስ የለበሱ፣ ዓይናቸው የፈዘዘ ሰዎች ይዞ ይመጣል፣ ከሩቅ ተራራ የመጡ ናቸው ብሎ ያስመዘግባቸዋል፣ እነሱ ቀኑን ሙሉ ሸንኮራ ይቆርጣሉ፣ ደሞዙን እሱ ይቀበላል። ምግባቸው ጨው የለውም፣ ዞምቢ ጨው ከቀመሰ መሞቱ ትዝ ይለዋል ይባላል። አንድ ቀን የበዓል ሰሞን የዮሴፍ ሚስት አዘነችላቸውና ገበያ ወስዳ በስኳር የተጋገረ ለውዝ ገዛችላቸው፣ ለውዙ ግን ጨው ነበረበት። ቀመሱት፣ ጮሁ፣ ከዛ ማንም ሳያስቆማቸው ተነስተው ወደ መንደራቸው መቃብር ሄዱ። ሀብትሽ እስቲ አስበው፣ አንድም ሰው አልነከሱም፣ ማንንም አልተበቀሉም፣ ወደ እረፍታቸው ብቻ ነው የሄዱት።

ሆሊውድ በ1932 "ዋይት ዞምቢ"ን ሰራ፣ ተዋናዩ ቤላ ሉጎሲ ያለበትን። እዛ ውስጥ የስኳር ወፍጮ ሲን አለ፣ ሰዎቹ ግዙፉን ወፍጮ እየገፉ ይዞራሉ፣ አንዱ ተንሸራቶ ውስጥ ይገባል፣ ሌሎቹ ዞርም ብለው አያዩም፣ ወፍጮው መጮሁን ይቀጥላል። ለኔ ከዛ በኋላ የመጣው ሁሉ ደም ተደምሮ እሱን አያክልም። ፊልሙ ግን ይሄን ትቶ ነጯ ሙሽራ ዞምቢ እንዳትሆን ነው ሚጨነቀው። ሮሜሮ ጋ ስትደርስ ዞምቢዎቹ ጭራሽ ባለቤት የላቸውም፣ አሰሪ የለም፣ መንጋ ናቸው፣ ፊልሙ ውስጥም ዞምቢ አይላቸውም፣ ስሙን የለጠፈባቸው ተመልካች ነው። ሳራ ላውሮ ሚሏት ምሁር በ2015 መፅሀፏ ዞምቢ ውስጥ ባሪያውም አመፀኛውም አሉ ትላለች፣ እውነቷን ነው፣ ግን እኔ አንድ ልጨምርበት፣ የባሪያው ፍርሃት ቀስ እያለ የጌታው ፍርሃት ሆነ። ያሰራኋቸው ሰዎች ተሰብስበው በሬን ቢያንኳኩስ የሚለው።

አሁን ወዳንተ ፊልም። ሮናልድ ሬሚኒክ ሚባል አንትሮፖሎጂስት አማራው ስለ ቡዳ ሚያምነውን ሰብስቦ በ1974 አንድ ፅሁፍ አሳትሟል፣ መንዝ ተቀምጦ ነው ያጠናው። አንተ በቮይስህ ያወራኸው አለበት፣ የሴት አያትህ ተረት ነው ያልከው ማለት ነው። ቡዳው በዓይኑ የበላው ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ቡዳው መቃብሩን ከፍቶ ያስነሳዋል፣ 7 ዓመት ባሪያ አድርጎ ይገዛዋል። የተነሳው ሰው ይሰማዋል፣ ያዝናል፣ መናገር ግን አይችልም። እንግዳ ቤት ከመጣ ቡዳው በቀጭን ጨንገር አናቱን መታ ያደርገውና ገንቦ ይሆናል፣ እንግዳው እስኪሄድ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ይሄን ክላስ ውስጥ ሳወራ የሃይቲ ልጅ ነበረችና አፏን ይዛ ቀረች።

ግን አስተውል፣ ተመሳሳይ ይመስላል እንጂ ተገልብጧል። ሃይቲ ውስጥ ተረቱን ሚያወራው ባሪያ የነበረው ሰው ነው፣ ሚፈራው ጌታውን። እኛ ጋ ሚያወራው ባለርስቱ፣ ጨዋው ነው፣ ሚፈራው ደሞ ማንን? ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሰሪዋን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን። ማረሻውን ሚሰራለትን፣ እንስራውን ምትሰራለትን፣ አብሮት ማዕድ ማይቆርሰውን ልጁን ማይድርለትን ሰው። በህይወቱ ከሱ በታች ያደረገው ሰው፣ እሱ ራሱ ሲሞት ጌታው እንዳይሆንበት ነው ሚፈራው። ገንቦው ራሱ እኮ ይናገራል፣ የሸክላ ሰሪ እጅ ስራ እኮ ነው! እና ማረሻውን አስወልውሎ ሂሳብ ያልከፈለ ሰው በነጋታው ልጁን ሲያመው "ቀጥቃጩ በዓይኑ በላብኝ" ቢል ሚከለክለው የለም። ጤና አዳም ያሸቱታል፣ ያጥኑታል፣ "ማነህ፣ ከየት ያዝከው" ይሉታል፣ ታማሚው ይለፈልፋል፣ ስም ይወጣል። የወጣችው ስም የጎረቤት ስም ናት።

ይሄ የድሮ ነው እንዳትለኝ። ሀጋር ሳላሞን ሚሏት ተመራማሪ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤሎች አነጋግራ በ1999 መፅሀፍ አውጥታለች፣ ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጅብ ይሆናሉ፣ ቡዳ ናቸው ይሏቸው እንደነበር የሚያስታውሱ ሰዎች ናቸው፣ ባህር ተሻግረው ኢየሩሳሌም ከገቡ በኋላም ያንን ስም ሚያወሩት። ምኒልክ ራሳቸው በ1900 ዓ.ም. (ይሄኛው በኛ ነው) ባለሙያውን ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቁጢት በጣሽ (ሸማኔውን ማለታቸው ነው) እያላችሁ አትስደቡት፣ ሚሰድብ ይታሰራል ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ንጉስ አዋጅ እስኪያወጣበት ድረስ ስንት ሰው ተሰድቦ እንደሆነ አንተው ገምት።

በነገራችን ላይ፣ የሲብሩክን መፅሀፍ ፓሪስ ላይ በመፅሄት የገመገመው ፈረንሳዊው ፀሀፊ ሚሼል ሌሪስ ከጥቂት ዓመት በኋላ የት ተገኘ መሰለህ? ጎንደር! በ1932፣ ያው "ዋይት ዞምቢ" በወጣበት ዓመት፣ ከዳካር ጅቡቲ ሚሽን ጋር፣ አፍሪካን አቋርጦ ባህል ሚያጠና የፈረንሳይ ጓድ ነው፣ መጥቶ መልካም አየሁ ሚሏት የዛር ባለውቃቢ ቤት ወራት ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። አጥንቶም መፅሀፍ ፅፎበታል፣ ዛሩ የሚኖሩት ቲያትር ነው ይላል። የሚሽኑ ሰዎች ደሞ የአባ እንጦንስን ቤተክርስቲያን ስዕሎች ነቅለው በኮፒ ተክተው ወሰዱ፣ አሁን ፓሪስ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ጥናት ጥናት ስንል ይሄም አለበት ለማለት ነው።

እና ምን ልልህ ነው፣ አትስራው አይደለም። ስራው! ከእንግዲህ ሰርግና ፍቺ ብቻ ማየት ሰልችቶናል። ግን ባልቴቷን ጭራቅ አድርገህ፣ ጎጆዋ ሲቃጠል ተመልካቹ እፎይ እንዲል ካደረክ፣ የሆነ ገጠር ውስጥ ዛሬም እንደዛ ሚጠረጠር ሰው አለ፣ ለሱ ጎረቤቶች ማስረጃ ነው ምትሰጣቸው። እኔ ብሆን ፊልሙን ሙሉ ለሙሉ ከባለእዳው አፍ ነው ማስወራው። ገበሬው ይተርካል፣ ጨንገሯን አየሁ፣ ገንቦው ሲያለቅስ ሰማሁ ይላል፣ ካሜራው እሱ ያለውን ሁሉ ያሳየናል፣ በጣም ያስፈራናል፣ ግን መሀል መሀል ላይ ከሷ የወሰደው እንስራ፣ ያልከፈለው ብር፣ ቤቱ ውስጥ ይታያል፣ ማንም ምንም አይልም። ጎጆዋ ሲቃጠል ያን ጊዜ ተመልካቹ የትኛው ነው ሚያስፈራው ብሎ ይፈር። ወይ ደሞ ከገንቦው ውስጥ ቅረፀው፣ መናገር ማይችለው ሰው ሚያየውን ብቻ፣ ይሄ ከባድ ነው ግን አንተ ትችላለህ። ካልጣመህ ንቀለው፣ ፊልሙ ያንተ ነው።

በጀት የለኝም ያልከውን አልቀበልም። ሮሜሮ ያን ፊልም የሰራው ወደ 114 ሺህ ዶላር በሚሆን ብር ነው፣ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ደሙ ቸኮሌት ሽሮፕ ነው፣ ተዋናዮቹ ግማሾቹ ጓደኞቹ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ከሱ ተማር፣ ፊልሙ መጀመሪያ ሌላ ስም ነበረው፣ አከፋፋዩ ስሙን ሲቀይር የኮፒራይት ማስታወቂያው ከአዲሱ ርዕስ ላይ ሳይገባ ቀረ፣ በጊዜው ህግ ፊልሙ የማንም ሆነ፣ ማንም እያባዛ ሸጠው፣ እነሱ የሚገባቸውን አላገኙም። እና አንተም ርዕሱን ከመለጠፍህ በፊት ስምህን በወረቀት አስይዝ፣ ፕሮዲውሰሩ "በኋላ እናየዋለን" ካለህ እንዳትሰማው።

ስክሪፕቱን በፒዲኤፍ ላክልኝ፣ በዋትሳፕ ሳይሆን በኢሜይል፣ ስልኬ ሞልቷል። ቅዳሜ ማታ እናንተ ጋ 2 ሰዓት ሲሆን እኔ ጋ ቀን 7 ሰዓት ስለሆነ ደውል፣ እረፍት ነኝ። ለእትዬ አስካለ ጉልበት ይስሙልኝ በል፣ ለበዓሉ ሚሆን ትንሽ ነገር በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

ያንተው ዮኒ