ጎልድ ኮስት ነፃነቷን በችሮታ አላገኘችም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ብሪታንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አቅሟ በመዳከሙ ጎልድ ኮስትን (የዛሬዋን ጋናን) በገዛ ፈቃዷ እንደለቀቀች ተደርጎ ቀርቧል። የታሪክ መምህር እንደመሆኔ ይህን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 የሌበር ፓርቲ ለንደን ላይ ሥልጣን መያዙ፣ በ1947ም ሕንድ ነፃ መውጣቷ በሩን ገርበብ አድርጎት እንደነበር አልክድም። ቅኝ ገዢው በራሱ ፍላጎት ምን ያህል ለመራመድ አስቦ እንደነበር ግን የ1946ቱ ሕገ መንግሥት ያሳያል፤ አፍሪካውያን በሕግ አውጪው ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ ቢያገኙም፣ ከ18ቱ ተመራጮች 13ቱን የሚመርጡት የባላባቶች ሸንጎዎች ሲሆኑ፣ ለከተማው ሕዝብ የተተወው 5 መቀመጫ ብቻ ነበር።

በዚህ መካከል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለብሪታንያ በበርማ የዘመቱት የጎልድ ኮስት ወታደሮች ወደ አገራቸው ተመለሱ። (የጎልድ ኮስት ብርጌድ በ1941 በእኛው ምድር፣ በዋደራ፣ ጣሊያንን እንደወጋ ልብ ይሏል።) የጠበቃቸው ሥራ አጥነት፣ ያልተከፈለ ጡረታና የናረ የሸቀጥ ዋጋ ነበር፤ ገበሬውም የታመመ ነው እየተባለ የካካዎ ዛፉ በግዴታ ይቆረጥበት ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 መሣሪያ ያልያዙት የቀድሞ ወታደሮች አቤቱታቸውን ለገዥው ለማቅረብ ወደ ክርስቲያንስቦርግ ቤተ መንግሥት ሲያመሩ፣ እንግሊዛዊው የፖሊስ አዛዥ ከአንድ ፖሊስ እጅ ጠመንጃ ነጥቆ ራሱ ተኮሰ። ሳጅን አጄቴይ፣ ኮርፖራል አቲፖና ወታደር ኦዳርቴይ ላምፕቴይ ወደቁ። አክራም በዚያው ቀን በቁጣ ነደደች።

ለንደን የላከችው አጣሪ ኮሚሽን የ1946ቱ ሕገ መንግሥት ገና ሲወለድ ጊዜው ያለፈበት እንደነበር ያመነው ከዚህ ደም መፍሰስ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። አዲሱን ሕገ መንግሥት ያጠናው ኮሚቴም አባላቱ በሙሉ አፍሪካውያን ነበሩ። በ1949 ለዘብተኛ ከነበሩት የነፃነት ንቅናቄ መሪዎች ከእነ ዳንኳ ተለይቶ የራሱን ፓርቲ ያቋቋመው ክዋሜ ንክሩማ፣ ራስን በራስ ማስተዳደር ዛሬውኑ እንጂ ነገ አይሁን በማለቱ በ1950 ታሰረ፤ በ1951ዱ ምርጫ ግን እስር ቤት ሆኖ በአክራ 22,780 ድምፅ አገኘ። ገዥው አርደን ክላርክ ከእስር ፈትቶ መንግሥት እንዲመሠርት ከመጥራት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ነፃነቱ የታወጀው ከ6 ዓመት በኋላ፣ ማርች 6 ቀን 1957 ነው።

ጽሑፋችሁ የሦስቱን ወታደሮች ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳም። በሚቀጥለው እትም ስማቸው እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የታሪክ መምህር