የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ገመዱን የያዙ ሴቶች

የዘንድሮው የታሪክ ክበብ ርዕስ ሰሌዳ ላይ እንደተለጠፈ ጥያቄው በዛብን። «የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ደወል የሚደውሉ ሴቶች? ለአማርኛ ትምህርት ቤት ምን ያደርጋል?» ያሉን ወላጆች ብዙ ናቸው። ከመምህራንም የጠየቁን አሉ። ጥያቄው ቅር አላሰኘኝም። ግን መልስ ይገባዋል።

ርዕሱን የመረጡት ልጆቹ ናቸው። ባለፈው ዓመት የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ይዘን መቃብሩ ወዳለበት ወደ ዊንዘር ሄደን ነበር። ያን ቀን ደወል ሲደወል ቆየ። ልጆቹ ስለ ልዑሉ መጠየቅ ትተው «ማነው የሚደውለው?» ማለት ጀመሩ። «ሴትም ትደውላለች?» ያለችም ነበረች። እኔ መልሱን አላውቅም ነበር። ልጆች የራሳቸው ጥያቄ ሲኖራቸው የእኛን ርዕስ መጫን ደግሞ አልወድም።

ሌላው ነገር ይህ ነው። ልጆቻችን ለንደን ተወልደው ለንደን ያድጋሉ። ያን ደወል እየሰሙ ነው የሚኖሩት። የከተማውን ታሪክ በአማርኛ ማውራት ካልቻሉ አማርኛው የቅዳሜ ብቻ ሆኖ ይቀራል። እኛ በእንግሊዝኛ አነበብን፣ በአማርኛ ተወያየን፣ በአማርኛ ጻፍን። «ገመድ»፣ «መንኮራኩር»፣ «ተራ መለዋወጥ» የሚሉትን ቃላት ልጆቹ የተማሩት በቃል ጥናት ሳይሆን ስለፈለጓቸው ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን መረዳት ነበረብን። እኛ አገር ደወሉ ተሰቅሎ ይቀመጣል፤ ገመዱ ሲሳብ ምላሱ ይመታዋል። በጣና ገዳማት ደግሞ እስካሁን የተንጠለጠለ ድንጋይ በድንጋይ እየተመታ ምእመኑን ይጠራል። አንዲት የባሕር ዳር እናት መጥተው ድምፁን በአፋቸው እያስመሰሉ አስረድተውናል። የእንግሊዞቹ ግን ለየት ይላል። ደወሉ ራሱ ነው የሚዞረው። ከትልቅ መንኮራኩር ጋር የታሰረ ነው። አፉ ወደ ላይ ሆኖ ይቆማል። ገመዱ ሲሳብ ሙሉ ክብ ዞሮ እንደገና አፉ ወደ ላይ ይሆናል። ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። ክብደቱ በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ደወል በአንዲት ቀጭን ልጅ እጅ ይዞራል። ዥዋዥዌ እንደ መግፋት ነው፤ ሰዓቱን ማወቅ እንጂ ጉልበት አይደለም ዋናው።

ደወሉ ዞሮ እስኪመለስ መጠበቅ ግድ ስለሆነ እንደልብ ዜማ መጫወት አይቻልም። ስለዚህ እንግሊዞች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1600ዎቹ ጀምረው ሌላ ጥበብ አዳበሩ። ደወሎቹ በተራ ይደወላሉ፤ በየዙሩ ተራው ይለወጣል። አንድ ደወል ከጎረቤቱ ጋር ቦታ ይቀያየራል እንጂ ዘሎ አይሄድም። አንዴ የተደወለ ተራ አይደገምም። አራት ደወል ካለ 24 ተራ ይወጣል። አምስት ካለ 120። ስድስት ካለ 720። ሰባት ከሆነ 5,040 ይደርሳል፤ ይህን ለመጨረስ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ፒል የሚባለው ይኸው ነው፤ ቢያንስ 5,000 ተራ። ደዋይ አይቀየርም፤ ወረቀት አይታይም፤ ሁሉም በቃል ነው። ቅዳሴና ዜማ በቃል ሲጠና ያዩ ወላጆች ይህን ሲሰሙ ወዲያው ገባቸው።

እኛ ደወል ስለሌለን በውሃ ጠርሙስ ተለማመድን። አራት ጠርሙስ፣ አራት ልጅ፣ 24 ተራ። ሒሳብ አልወድም የሚለው ልጃችን ተራውን ሳይሳሳት ከዳር እስከ ዳር ሲመራ ያያችሁት ታስታውሳላችሁ፤ የወላጆች ቀን ላይ ነው።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልምጣ።

ለረጅም ዘመን የደወል ቤት የወንዶች ቤት ነበር። ሴት ጉልበት የላትም ይባል ነበር። ረጅሙ ቀሚሷ ከገመዱ ጋር ይጠላለፋል ይባል ነበር። አሊስ ዋይት የምትባል ልጅ ግን በ1896 በእንግሊዝ ደቡብ ባለችው ቤዚንግስቶክ ሙሉ ፒል ደወለች። ፒል በመደወል የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። ልጆቹ ዓመተ ምሕረቱን ሲያዩ «በአድዋ ዓመት!» ብለው ጮኹ። እውነታቸውን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 1888 ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ዓመት የረሳ ልጅ የለም።

በ1912 ሴቶቹ የራሳቸውን የደዋዮች ማኅበር መሠረቱ። ከመሥራቾቹ አንዷ ኢዲት ፓርከር ናት። በዚያው ዓመት፣ እዚሁ ምሥራቅ ለንደን፣ አይል ኦፍ ዶግስ ላይ በምትገኘው ኪዩቢት ታውን፣ ሁሉም ደዋዮች ሴቶች የሆኑበት የመጀመሪያው ፒል ተደወለ። ከክበባችን አባላት አንዱ የሚኖረው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ነው። በየቀኑ በዚያ እንደሚያልፍ፣ ግን ማንም ነግሮት እንደማያውቅ ነገረን።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ወደ 1,400 የሚሆኑ ደዋዮች ጦር ሜዳ ቀሩ። ወንዶቹ ሲዘምቱ ገመዱን የያዙት በብዙ ቦታ ሴቶች ናቸው። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ደወል ራሱ ዝም አለ። ከጁን 1940 ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደወል እንዳይደወል ታገደ። ጠላት ከወረደ ብቻ ነው የሚደወለው ተባለ። በኖቬምበር 1942 በግብፅ ለተገኘው የኤል አላሜን ድል ተፈቀደና ተደወለ፤ እገዳው የተነሣው በ1943 ነው። ከቤተሰቦቻችን መካከል ደወል የአደጋ ጥሪ የሆነበትን አገር የሚያስታውሱ አሉ። እሳት ሲነሣ፣ ሽፍታ ሲመጣ፣ ሰው ሲሞት ይደወላል። ስለዚህ ይህን ክፍል ለልጆቹ ያስረዳሁት እኔ አይደለሁም። አያቶቻቸው ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1637 የተመሠረተው የለንደኑ ትልቅ የደዋዮች ማኅበር ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1998 ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የታይፕ ስህተት መሰላቸው። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ከአሊስ ዋይት ፒል በኋላ መቶ ዓመት አልፎ መሆኑ ነው።

የማልረሳው ቀን ግን ወደ ደወል ቤት የወጣንበት ነው።

ደረጃው ጠባብ ነው፤ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከላይ አንድ ክፍል አለ። ገመዶቹ ከጣራው ወርደው በክብ ተንጠልጥለዋል፤ መያዣቸው ላይ ቀለም ያለው ሱፍ አለ። የተቀበሉን የደዋዮቹ መሪ አረጋዊት ሴት ናቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ «እማማ» ይሏቸው ነበር። ሴትየዋ ትርጉሙን ጠይቀው ሲነገራቸው በጣም ደስ አላቸው።

ግድግዳው ላይ የእንጨት ሰሌዳዎች አሉ። ፒል ሲደወል ቀኑ፣ የፈጀው ሰዓትና የደዋዮቹ ስም ይጻፍበታል። ልጆቹን የሴት ስም እንዲፈልጉ አሰማራኋቸው። የቆዩት ሰሌዳዎች ላይ ምንም የለም። ከዚያ አንዷ ልጃችን፣ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ የማይሰማው፣ አገኘች። ከስምንት ስም መካከል አንዱ የሴት ነው፤ ከፊቱ ባለው የሴት መጠሪያ ይታወቃል። የመጀመሪያ ስሟ በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የተጻፈው፤ የቤተሰብ ስሟ ግን ሙሉ ነው። የወንዶቹም እንደዚያው ነበር።

ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ስሙን በፊደል መገልበጥ ጀመረች። ቆም አለች። «ቲቸር፣ ይሄ የአባቷ ስም ነው። የሷስ?» አለችኝ።

እማማን ጠየቅናቸው። አያውቁም። ሰሌዳውን ስንት ዓመት እንዳዩት፣ ግን ይህን ጠይቀው እንደማያውቁ ነገሩን። ለእኛ ልጅ ነገሩ ግልጽ ነው። በእኛ ዘንድ የሰው ስም የመጀመሪያው ነው። የአባት ስም የአባት ነው። ያቺ ሴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳታቋርጥ ደውላ፣ ስምዋ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ለዚያች ልጅ ግን ገና ስም አልነበራትም። ልጅቱ ደብተሯ ላይ ከአባትየው ስም በፊት ክፍት ቦታ ተወች።

ከዚያ ተራ በተራ ገመድ ያዙ። እማማ በሱፍ የተሸፈነውን መያዣ ራሳቸው ይዘው የገመዱን ጫፍ ለልጆቹ ይሰጣሉ፤ ጀማሪ እንዲያ ነው የሚማረው። ያቺ ልጅ ቁመቷ ስላልደረሰ ሳጥን ላይ ቆመች። ሳበች። ከላይ ድምፁ መጣ። ሁለተኛ ሳበች። የትምህርት ቤታችን ሰው ሁሉ እዚያ ሆኖ ፊቷን ቢያይ ኖሮ ይህን ዘገባ መጻፍ ባላስፈለገኝ ነበር። እናቷም ከጎኔ ነበሩ። እሳቸው የሚያውቁት አንድ የሴቶች ገዳም ውስጥ ደወሉን የሚደውሉት መነኮሳይያቱ ራሳቸው እንደሆኑ ለልጃቸው የነገሯት ያኔ ነው። «ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?» አለቻቸው። «ጠይቀሽኝ አታውቂማ» አሏት።

ልጅቱ ከዚያ በኋላ ለአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ጻፈች። መልስ መጥቶላታል። ከ1911 ጀምሮ የሚታተም የደዋዮች ጋዜጣ ስላለ እዚያ እንድትፈልግ ተመክራለች። ስሙ ገና አልተገኘም። ክፍት ቦታውም እንዳለ ነው።

ሌላው የዓመቱ ሥራ ለአንባቢ የሚያጓጓ አይደለም፤ ስብሰባዎች ተደርገዋል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ዐውደ ርእዩ በወላጆች ቀን ቀርቧል። ዐውደ ርእዩ የዘገየው ክፍላችን በሁለተኛው ተርም ለሌላ ተከራይ ስለተሰጠ ነው። ለሳምንታት ኮሪደር ላይ ተሰብስበናል። ኮሪደር ላይ ደግሞ ጠርሙስ መምታት አይቻልም። ለፈተና ጥናት ብለው የተለዩን ልጆችም አሉ፤ ቤተሰብን አልወቅስም። ድጋፍ ያመለከትንበት አንድ ቦታ «የክበቡ ሥራ ከማኅበረሰቡ ባህል ጋር አይያያዝም» ብሎ መልሶልናል። ከላይ የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ይፍረድ።

ስለ እምነት ጉዳይም ስጋት ያደረባቸው ወላጆች ነበሩ። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም። ስጋታቸውን አከብራለሁ። የወጣነው ለታሪክ ነው፤ ጸሎት ላይ አልተገኘንም፤ ፈቃድ ያልፈረመ ቤተሰብ ልጅ አልሄደም። ለእነሱ በዚያ ቅዳሜ እዚሁ ከአያቶች ጋር የቃለ መጠይቅ ሥራ አዘጋጅተን ነበር። ከዐውደ ርእዩ ላይ ብዙ ሰው ያቆመው የእነሱ ሥራ ነው። አንድ ሙስሊም ልጃችን ከአያቱ የቀዳው ቃለ መጠይቅ፣ የሰፈራቸው ደወልና አዛን እንዴት አብረው የቀኑን ሰዓት ይነግሯቸው እንደነበር የሚተርከው፣ በዚህ መጽሔት ሌላ ገጽ ላይ አለ። አንብቡት።

የወላጅ ኮሚቴው ለእግር ኳስ ክበብ አዲስ ማሊያ ሲገዛ ደግፌ እጄን አውጥቻለሁ። አሁን እኔም እጠይቃለሁ። የእጅ ደወል የሚባል አለ፤ ተራ መለዋወጥን ክፍል ውስጥ ለመለማመድ የተሠራ። ያገለገለ ስብስብ እንኳ በመቶዎች ፓውንድ ነው። የእኛ የዓመት በጀት ግን የወረቀትና የቀለም ነው። ጠርሙስ ይሰበራል፤ ዘንድሮ ሁለት ልጆች እጃቸውን ቆርጠዋል። ደግነቱ ቀላል ነበር። በተጨማሪም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ያለው ክፍል ያስፈልገናል። ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ያሰቡት የድሮ ጋዜጦችን ማገላበጥ ነው፤ ለዚያ የትራንስፖርት ወጪና አብሮ የሚሄድ አዋቂ ሰው እንፈልጋለን።

ገንዘብ የሌለው ሰው ትዝታ ይኖረዋል። አገር ቤት ደወል የደወለች፣ ድንጋይ የመታች፣ ወይም የምትደውል መነኩሲት የምታውቅ እናት፣ አክስት፣ አያት ካለች ልጆቹ መጥተው ይቀርጿታል። ቤት መምጣት ካልተመቸ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ አለን። ስማችሁን ስትሰጧቸው ሙሉውን ስጧቸው። ልጆቹ አሁን ያለዚያ አይጽፉም።