«ከፍታው ነው» የምትለዋን መስመር አርሙልን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ስበግን ነው የከረምኩት። የ2025–26 (በፈረንጆች) ሲዝን ሊጀመር ነው ብላችሁ ስለ ዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የሆኪ ቲም ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ዴንቨር ያለን ሰዎች ተቀባብለን አንብበነዋል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ በአማርኛ ስለ አይስ ሆኪ ተጽፎ ማየት ራሱ ብርቅ ነው'ኮ። ከዛ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቲሙ 10 የኮሌጆች ብሔራዊ ዋንጫ የበላው ከተማዋ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ ቀጭኑ አየር ስለሚያግዘው ነው ትላላችሁ። ዘንድሮ ግን ዋና ዋናዎቹ ልጆች ስለሄዱ ከፍታውም አያድነውም ብላችሁ ትዘጉታላችሁ።

ከፍታ! እኔ ይሄን ነገር ከፈረንጅ አፍ ስሰማው ነው የኖርኩት። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ከፍታ፣ ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው ከፍታ፣ ቀነኒሳ ሪከርድ ሲሰብር ከፍታ። ስራ ቦታ ማራቶን በቲቪ በታየ ቁጥር አንዱ ይመጣና «እናንተማ ተራራ ላይ ስለተወለዳችሁ ነው» ይለኛል። በቆጂ ላይ እነዛን ልጆች በጠዋት ቀስቅሶ ዳገት ለዳገት ያስሮጠው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የለም፣ ልምምድ የለም፣ ልብ የሚባል ነገር የለም፣ አየር ብቻ። ከፍታ ብቻውን ሻምፒዮን የሚያደርግ ቢሆን 3,600 ሜትር ላይ የተቀመጡት የላ ፓዝ ሰዎች ወርቁን ሁሉ ጠራርገው ይወስዱት አልነበር? ይሄን ስድብ ለዓመታት የጠጣን ሕዝብ፣ በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ጋዜጣ፣ ለሌላ ሰው ልፋት መልሰን ስንወረውረው ሳይ ነው የከፋኝ።

እሺ፣ ተረጋግተን እንየው። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነች፣ ከአዲስ አበባ እንኳን በጣም ዝቅ ትላለች። ከፍታው ምንም አይረዳም አልልም፣ የዩኒቨርሲቲው ሜዳ ማግነስ አሬና መጥተው የሚጫወቱ ቲሞች ሦስተኛውና መጨረሻው ፔሬድ ላይ ትንፋሽ ሲያጥራቸው በአይኔ አይቻለሁ። ግን ዋንጫው'ኮ እዚህ አይደለም የሚበላው። ከ10ሩ ኮሎራዶ ውስጥ የተበላው ሁለቱ ብቻ ነው፣ የ1961ዱ እዚሁ ዴንቨር የ1969ኙ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ። በ2004 ሜይን ዩኒቨርሲቲን 1 ለ 0 ያሸነፍነው ቦስተን ነው፣ በ2005 ኮሎምበስ፣ በ2017 ቺካጎ፣ በ2022 እንደገና ቦስተን፣ በ2024 ሴንት ፖል። ቦስተን'ኮ ባህር ዳርቻ ነች! ደሞ ከኛ በላይ ከፍታ ላይ ያሉ የሆኪ ቲሞች እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ አሉ። የአየር ኃይል አካዳሚው አንድም ብሔራዊ ዋንጫ የለውም፣ ኮሎራዶ ኮሌጅም ከ1957 ወዲህ ዋንጫ አላነሳም። አየሩ የሚያሸልም ከሆነ እነሱን ለምን ዘለላቸው?

ይሄን ሁሉ የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ዴንቨር ስመጣ ሆኪ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ ማታ ማታ ቢሮ ነበር የማፀዳው። አብሮኝ የሚሰራ ሜክሲኳዊ ልጅ ትርፍ ቲኬት አለኝ ብሎ ወሰደኝና ፓኳን፣ ማለትም የምትመታዋን ጠፍጣፋ ጎማ፣ ማየት እንኳን አቃተኝ፣ ሰው ሲጮህ ነው ጎል መሆኑን የማውቀው። በዛው ቀረሁ። በ2017 ፍጻሜው ላይ ሚኒሶታ ዱሉዝን 3 ለ 2 ሲያሸንፉ ሦስቱንም ያገባው አንድ ልጅ ነው፣ ሉኮሴቪሺየስ፣ ያን ቀን እንደ ደርቢ ነው የጮህኩት። በ2024 ደሞ በረኛው ማት ዴቪስ ቦስተን ኮሌጅ ላይ 35 ኳስ አድኖ 2 ለ 0 ሲወጣ ልጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሳሎን ውስጥ ስዞር ነበር። በዛ ውድድር አራት ጨዋታ ተጫውተው የገባባቸው ሦስት ጎል ብቻ ነው። ይሄንን አየር አያድንም፣ በረኛና ተከላካይ ነው የሚያድነው።

እናንተ ደሞ «ለሀበሻው ባዕድ የሆነ ስፖርት» ብላችሁ ጨመራችሁበት። ማንን ጠይቃችሁ ነው? የዩኒቨርሲቲው ትሬይን ጣቢያ ላይ ጨዋታ ባለ ቀን ቁሙና እዩ፣ ከጎረቤታችን ከተማ ከኦሮራ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። የኔ ልጅ በረዶ ላይ መንሸራተት ተምራለች፣ ስትወድቅም በአማርኛ ነው «እናቴ!» የምትለው። ስትጽፉልን እኛንም ቁጠሩን እንጂ።

አሁን ወደ ዘንድሮው። ሰዎች መሄዳቸው እውነት ነው፣ እሱን አልክድም። ማት ዴቪስ ጨርሷል፣ ከሁሉ በላይ ነጥብ ያስቆጠረልን ጃክ ዴቫይን ጨርሷል፣ ዚቭ ቡየም ወደ ፕሮፌሽናሉ ቲም ሚኒሶታ ዋይልድ ገብቷል፣ ኤይደን ቶምፕሰንም ወደ ቺካጎው ፕሮፌሽናል ቲም ሄዷል። አምና ዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሁለቴ በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት ነው ያሸነፈን፣ አንዴ በኮንፈረንሱ (በምንጫወትበት ሊግ) ፍጻሜ አንዴ ደሞ ሴንት ሉዊስ ላይ በብሔራዊው ግማሽ ፍጻሜ። የሴንት ሉዊሷን ማታ ሺፍት ላይ ሆኜ በስልክ ነው የተከታተልኳት፣ 2 ለ 0 ከመመራት ተነስተን አቻ ካደረግን በኋላ ነው የገባብን፣ እስካሁን ያመኛል። እኔን የሚያሳስበኝ በረኛው ብቻ ነው። እንደ ዴቪስ ያለ ልጅ በአንድ ክረምት አይተካም፣ ስለዚህ እስከ ገና ድረስ የማይገቡ ጎሎች ይገቡብናል ብዬ ነው የማስበው። ተከላካይ ላይ ግን ኤሪክ ፖልካምፕና በክበርገር ተመልሰዋል፣ እነዚህን ይዞ አለቀላቸው የሚል ሰው ጨዋታ አላየም። ሌላም ትልቅ ነገር አለ እናንተ ያልነካችሁት፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ካናዳ ውስጥ በትልልቆቹ የጁኒየር ሊጎች የተጫወቱ ልጆች ኮሌጅ መጫወት ተፈቅዶላቸዋል፣ ድሮ እንደ ፕሮፌሽናል ስለሚቆጠሩ ክልክል ነበር። በዚህ ምክንያት ነው ጋቪን መኬና የሚባለው ልጅ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የገባው። ዘንድሮ ሁሉም ቲም ይጠነክራል፣ ትልቁ ስጋት ይሄ ነው እንጂ የሄዱት ልጆች አይደሉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም መጨረሻው አራት ውስጥ፣ ማለትም ግማሽ ፍጻሜ፣ ይገባሉ ነው የምለው። ምክንያቴ አሰልጣኙ ነው። ዴቪድ ካርል ገና ሊጫወት ሲመጣ በ2008 የልብ ጡንቻ በሽታ ተገኘበትና ሳይጫወት አቆመ፣ የያኔው ኮች ጆርጅ ግዎዝደኪ ስኮላርሺፑን ሳይነጥቁት እንደ ተማሪ ረዳት አሰልጣኝ አስቀመጡት። በ28 ዓመቱ ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ በ2022 እና በ2024 ዋንጫ በላ፣ በ2024 እና በ2025 ደሞ የአሜሪካን ወጣቶች ይዞ ሁለት ዓመት ተከታታይ የዓለም ወርቅ አመጣ። ልጆች በየዓመቱ ይሄዱበታል፣ እሱ እንደገና ይሰራል፣ አምናም'ኮ የ2024ቱ ዋንጫ ልጆች ብዙዎቹ ሄደውበት ነው እዛ ድረስ የደረሰው።

የዘንድሮው የመጨረሻ አራት ደሞ ላስ ቬጋስ ነው፣ በረሃ ላይ። እዛ ደግሞ የኮሎራዶ አየር የለም።

ስለዚህ የከፍታዋን መስመር አውጧትና በቦታዋ የካርልን ስም አስገቡ፣ ዘገባችሁ ውስጥ አንዴም አልተጠቀሰም።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዴንቨር ነዋሪ