ያ አሮጌ ላፕቶፕ ዛሬም ይሠራል

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ሲከብደኝ ኖሯል። ዛሬ ለመጻፍ ያስነሣኝ ያ ከርነል (የሊኑክስን እምብርት) ኮምፓይል ስናደርግበት የምናነጋው ባለ ኮር 2 ዱኦ ፕሮሰሰር ላፕቶፕ ነው። ሰሞኑን አቧራውን አራግፌ፣ አሁንም ፕሮግራም ከሶርስ ኮድ፣ ማለት ሰው ከጻፈው ኮድ፣ ለመገንባት ይበቃ እንደሆነ ልለካው ተቀመጥኩ።

በቢንዩቲልስ፣ ማለት ፕሮግራም ለመገንባት በሚያገለግሉ መሣሪያዎች ጥቅል፣ ጀመርኩ። ሊኑክስ ፍሮም ስክራችን (ሙሉ ሊኑክስን ከሶርስ ኮድ የመገንባት መመሪያ) የሚሠሩ ሰዎች ይህ ጥቅል በአንድ ኮር (በፕሮሰሰሩ አንድ ሠሪ ክፍል) ተገንብቶ እስኪያልቅ የፈጀውን ጊዜ እንደ አንድ አሃድ ይዘው የሌሎቹን ጥቅሎች ጊዜ በእሱ ይገምታሉ። የእኛው 4 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ፈጀበት። የጊጋኸርዝ ቁጥር ከማየት ይህ ይሻላል፤ የሚለካው ሥራው ራሱ ነውና።

ነገሩ የተገለጠልኝ ግን አንድ ትልቅ የሲ ፕላስ ፕላስ ፕሮግራም ስገነባ ነው። ሁለት ኮር ስላለው ሁለት ፋይል በአንድ ጊዜ እንዲያስኬድ አዘዝኩት። በ‹ታይም› ትዕዛዝ ስለካው በተራ ሰዓት አቆጣጠር 95 ደቂቃ ሄዷል፤ ፕሮሰሰሩ የሠራው ግን የሁለቱ ኮር ተደምሮ 61 ደቂቃ ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 190 ደቂቃ የሚሆን ሥራ መሥራት ይችሉ ነበር! ምን ሲጠብቁ ቆዩ? ራሙ 4 ጊጋባይት ነው። በቴምፕሌት (ኮምፓይለሩ ራሱ ወደ ብዙ ኮድ በሚዘረዝረው ንድፍ) የተሞላ አንድ ፋይል ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ሁለት ከባድ ፋይሎች ሲገጣጠሙ ትርፉ ወደ ስዋፕ፣ ማለት ወደ ቀርፋፋው ሃርድ ዲስክ ይሄዳል። የተገነባውን አጥፍቼ አንድ በአንድ እንዲያስኬድ ባደርገው በ66 ደቂቃ ጨረሰ። ራሙን 8 አድርጌ ሁለቱንም ኮር ስመልስለት ደግሞ 35 ደቂቃ ገባ።

ስንት ዓመት «ፕሮሰሰሩ አርጅቷል» እያልን ፈረድንበት፤ ከልቤ ቆጨኝ።

አንተም ዴስክቶፕህን ካልጣልከው ለካው። የመጀመሪያውን ዙር አትቁጠር፤ ፋይሎቹ ገና ከዲስክ እየተነበቡ ነው። ሲሲካሽ (ቀድሞ የተገነባውን የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ካለህ አጥፋው፤ አለዚያ በሁለተኛው ዙር የቀድሞውን ውጤት እያነሣ ያታልልሃል። ሙቀቱንም ተከታተል፦ ፕሮሰሰር ሲግል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። የእኔው ሙቀት አስተላላፊ ቅባቱ ደርቆ ስለነበር ቀይሬለታለሁ።

ሁለቱንም ቁጥር፣ የሰዓቱንም የፕሮሰሰሩንም፣ ጽፈህ ላክልኝ። ስለ ራስህም ጻፍልኝ፤ በጣም ናፍቀኸኛል።

ወዳጅህ